በአኮርዲዮን ጓዳ የቀረ እሺታ

እኔ በተፈጥሮዬ አልቃሻ አይደለሁም፤ ሰፈሩ ይመስክር። ከፀጉሬ ውስጥ ካቻቢቴ ስለማይጠፋ ስሜን ትተው «ካቻቢቴ» ነው የሚሉኝ። እንዲህ የተባለች ሴት ደግሞ በየአደባባዩ ስትነፋረቅ አያምርባትም። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ እንባዬ ሊዘረገፍ ትንሽ ነበር የቀረው።

ምክንያቱ መድረኩ ላይ ተቀምጧል። ረጅም ነው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፣ አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አቅፏል። የሙዚቃ መምህር ነው። በማግስቱ ጠዋት የሁለት ቀን መንገድ ተጉዞ በሌላ ከተማ ሥራ ሊጀምር ነው፤ ዝግጅቱም የስንብቱ ነው። ከአሥር ቀን በፊት «አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» ብሎ በደብዳቤ ጠይቆኛል። እኔም በደብዳቤ መልሻለሁ። መልሴ ከደረሰው በኋላ ግን ሰውዬው ድምፁን አጠፋ፤ አንድ ቃል እንኳ አልተነፈሰም። እርር ድብን ያደረገኝ ይሄ ነው።

ስልክ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ስልክማ አለ። ኩራትም አለ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔና አባዬ አኮርዲዮን እንጠግናለን፤ አያቴም ይሠራ የነበረው ይህንኑ ነው። ሱቃችን ሁለት በአራት ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰም የምናቀልጥባት ትንሽ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ በየመጠኑ የተሰቀለ ፒንሳና ሞረድ። አባዬ ስድሳ አምስት ዓመቱን ካለፈ ወዲህ ቀጫጭን ድምፅ ጆሮው አይገባም። ስለዚህ ወፍራም ወፍራሙን እሱ ያስተካክላል፣ ቀጫጭኑን እኔ።

ሁለት ወጎች አሉን። የመጀመሪያው፣ የከፈትነውን አኮርዲዮን ከመዝጋታችን በፊት ውስጡ፣ እንጨቱ ላይ፣ ቀኑንና የሠራነውን በእርሳስ እንጽፋለን። ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ የፊት ክዳኑን ፈትተን ጽሑፉን እናሳየዋለን፣ ዓይኑ እያየም እንዘጋለን። ሁለተኛው ደግሞ፣ ውስጥ ያየነውን ውጭ አናወራም። «የደንበኛ ሆድ ዕቃ የደንበኛው ነው» ይላል አባዬ።

የመምህሩ አኮርዲዮን የሟች አባቱ ነው፤ ተራ ዕቃም አይደለም። ጓዳ አለው። ጓዳ የምንለው እኛ ነን እንግዲህ፣ በሱቃችን ቋንቋ። አኮርዲዮን ውስጥ ድምፅ የሚሰጡት ስስ የብረት ምላሶች ናቸው፤ ወናፉ አየር ሲገፋባቸው ይንቀጠቀጣሉ። በብዙዎቹ አኮርዲዮኖች ምላሶቹ ሁሉ ፊት ለፊት ስለሚደረደሩ ድምፃቸው በቀጥታ ወደ ውጭ ይወረወራል። ደማቅ ነው፣ ሹል ነው፣ አንዳንዴም ጆሮ ይበሳል። የበረንዳ ድምፅ እንለዋለን። ጓዳ ባለው ላይ ግን ወፍራሞቹ ምላሶች በጎናቸው ዞረው ጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ ይቆማሉ። ድምፃቸው ከመውጣቱ በፊት ከግድግዳው ጋር ይላተማል፣ ይታጠፋል፣ ሹልነቱን እዚያው ጥሎ ክብና ሙቅ ሆኖ ይወጣል። ብረቱ ያው ብረት ነው፣ አየሩም ያው አየር። ልዩነቱ ያለፈበት ቤት ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ቀን ይህንኑ ሳስረዳው ትክ ብሎ ያየኝ ነበር።

«አንቺም እንደዚሁ ነሽ» አለኝ።

«እንዴት ማለት?»

«በረንዳሽ ይጮሃል። ጓዳሽን ግን ሰው ያየው አይመስለኝም።»

በያዝኩት ጨርቅ ፊቱን መታሁት። እሱ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ደግሞ ማታ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲያ የአኮርዲዮኑ በሽታ አላልቅ አለ። ዛሬ አንዷ ምላስ ታመመች፣ ነገ ወናፉ ተነፈሰ፣ ከነገ ወዲያ አቧራ ገባ። አባዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ይህ ልጅ ይጫወትበታል ወይስ ይወግረዋል?» ይላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ያልተበላሸውን እጠግናለሁ።

በመጨረሻ ያመጣው ጊዜ ደብዳቤውን ከማንገቻው ሥር ሸጉጦት ነበር። እንዲህ ይላል፦

«ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሩቅ ነው። እዚያ አኮርዲዮን የሚጠግን የለም። ይህን የጻፍኩት ጠጋኝ ፍለጋ እንዳይመስልሽ። ጠዋት ተነስቼ አንቺ የማትቆጪኝ ከተማ ውስጥ እንዴት እንደምውል ጨንቆኝ ነው። አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ከቅዳሜው ዝግጅት በፊት አንድ ቃል በቂዬ ነው። ዝም ካልሽ ይገባኛል፤ አላስቸግርሽም።»

ሦስቴ አነበብኩት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ምን ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነው? እናቱ።

እናቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። የቤታቸው አጥር ከእኛ ሱቅ ጣሪያ ይረዝማል። ደብዳቤው በደረሰኝ በአራተኛው ቀን ራሳቸው ሱቃችን ድረስ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ ሩቅ መንገድ ይሄዳል» አሉ። «የአባቱን ዕቃ በቀኑ አድርሱለት። ሌላ ጭነት አትጨምሩበት።»

ሌላ ጭነት የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ገብቶኛል። አባዬም ገብቶታል መሰለኝ ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገው።

ዳኛዋ ሊወጡ ሲሉ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ የተኛውን አኮርዲዮን አዩና ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «ባለቤቴ መጀመሪያ ሲጫወትበት ጩኸቱ ያሳብደኝ ነበር። በኋላ ሥነ ሥርዓት አስያዝኩት፤ ረጋ ብሎ መጫወት ተማረ» አሉ።

ምላሴን ነከስኩ። ምክንያቱም በዋዜማው ከጓዳው ግድግዳ ላይ የስንት ዓመት አቧራ ስጠርግ ከሥሩ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። የአያቴን እጅ የትም ብሆን አውቀዋለሁ፦ «ይህ ደንበኛ ‹ሚስቴ ጩኸት አትወድም› እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ለእሷ ሲባል ይህን ጓዳ ሠራሁለት። ሦስት ወር ፈጀ።» ከእሱ ሥር ደግሞ በሌላ ሰው እጅ፣ ጥንቅቅ ባለ ጽሕፈት፦ «አንድ ቀን ትሰማዋለች።»

የመምህሩ አባት ረጋ ማለትን አልተማሩም ነበር ማለት ነው። እንደ ልባቸው ሲጫወቱ ኖረው፣ ድምፁን የሚያለሰልስ ቤት ነው ያሠሩለት። ሚስታቸው ግን እስከ ዛሬ አላወቁም። ላፈርጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን የደንበኛ ሆድ ዕቃ ነዋ! ከልጃቸው በፊት ለእሳቸው ማሳየት ወጋችን አይደለም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ «ጭነት» ከተባልኩ በኋላ ደግ መሆን አላሰኘኝም።

መልሴን በስስ ወረቀት ጻፍኩ። «እሺ። ሰባት ጊዜ እሺ። ካቻቢቴዬን ይዤ እመጣለሁ። ከጎኑ ያለውንም ጽሑፍ አንብብ፤ ለእናትህም አሳያቸው። ይህን እንዳየህ አንድ ቃል ላክልኝ፣ ልቤ ተሰቅሎ እንዳይቀር።» ወረቀቱን አጥፌ በጠብታ ሰም ጓዳው ግድግዳ ላይ፣ ከአያቴ ጽሑፍ አጠገብ ለጠፍኩት። ሊወስድ ሲመጣ ክዳኑ ይፈታለታል፣ ጎንበስ ይላል፣ ያየዋል። ከዚህ የተሻለ የፖስታ ሣጥን በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም።

ሐሙስ ለት ቆዳ ልመርጥ ወጣ ብዬ ስመለስ አኮርዲዮኑ የለም።

«መጥተው ወሰዱት» አለ አባዬ፣ ቀና ሳይል።

ማን፣ እንዴት፣ ፊቱ ምን ይመስል ነበር ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ብጠይቅ ይነቃብኛላ! ሐሙስ አለፈ። ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ ከወንበሬ ዘልዬ እነሳና፣ እሱ አለመሆኑን ሳይ ደንበኛውን ፊት እነሳዋለሁ። በቃ፣ አሰበበት አልኩ። እናቱን ሰማ አልኩ። አባዬ ግን «ለዝግጅቱ ተጠርተናል፣ እንሄዳለን» ብሎ ድርቅ አለ፤ እየጎተተ አመጣኝ።

እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ ያለሁት እንዲህ ሆኜ ነው። ቆርቆሮው ግሏል፣ የመድረኩ መብራት ሌላ ሙቀት ነው፣ ተማሪና ወላጅ ጢም ብሏል። ዳኛዋ የፊተኛው ረድፍ ላይ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል። መምህሩ ገና ሲወጣ ዓይኑ ዓይኔ ላይ አረፈ። ወዲያው ዞር አደረገው።

የመጀመሪያው ዜማ ደህና አለፈ። ብቻ ድምፁ ደከም ያለ፣ የታፈነ መሰለኝ። የኔ እጅ እንዲህ አይደለም አልኩ ለራሴ። ሁለተኛው ዝግ ያለ ዜማ ነው። የጓዳውን ድምፅ መቀየሪያ ተጫነና ከወፍራሙ ጀመረ። አራተኛው ምት ላይ፦

ዝዝዝዝ።

ጆሮዬ ቆመ። የተሰነጠቀ ምላስ ነው? አይደለም፣ እሱ ይንቃጨላል። የላላ ብሎን ነው? እሱ ደግሞ ይንኳኳል። ወፍራሙን ድምፅ በተጫነ ቁጥር ዝዝዝዝ ይላል፤ ቀጭኑ ላይ የለም። ጓዳው ውስጥ ነው። የሚርገበገብ ነገር ነው። ስስ ነው።

ወረቀት ነው።

ሰሙ በሙቀቱና በንዝረቱ ላልቶ ወረቀቱ አንድ ጎኑን ለቋል ማለት ነው፤ ድምፁን ያፈነውም እሱ ነው። ወረቀቱ አሁንም እዚያ ካለ ደግሞ… አልተነበበም! እሺታዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየጮኸ ነው፤ ከኔ በቀር የሚሰማው የለም!

«ምንድን ነው የሚዝዘው?» አለ አባዬ። ወፍራም ድምፅ ነዋ፣ ለእሱም ተሰምቶታል። ከዚያ ራሱ መለሰ። «ወይ ጉድ፣ ያቺ ወረቀትሽ ናት።»

«ወረቀቴን አንተ በምን አወቅክ?»

«ስዘጋው አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላሳየኸውም?»

«ለማን? የመጣው እናቱ የላኩት ሾፌር ነው! ያንቺን ጉድ ለሾፌር ላንብብለት?»

«አባዬ! ልትነግረኝስ አትችልም ነበር?»

«የደንበኛ ሆድ ዕቃ…» ብሎ ጀመረና ዓይኔን ሲያይ ተወው።

መድረኩ ላይ መምህሩ ላብ በላብ ሆኗል። መቀየሪያውን ነክቶ ወደ በረንዳው ድምፅ ዞረ፤ ዝዝታው ጠፋ፣ ግን ያ ለስላሳ ዜማ እንደ ፉጨት ሆኖ ወጣ። ልጆች ጆሯቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። እሱ አቆመ። ዳኛዋ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩና በዓይናቸው ፈልገው አገኙን።

«ጥገና የሚሉት ይህንን ነው?» አሉ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ።

ምን እንዳስነሳኝ አላውቅም። ከረድፉ ወጥቼ፣ የሰው እግር እየረገጥኩ፣ ካቻቢቴዬን ከፀጉሬ እየመዘዝኩ ወደ መድረኩ ሄድኩ። ፀጉሬ ተፈትቶ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ ግድ አልሰጠኝም።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ብልሽቱን አውቀዋለሁ።»

«እኔም አውቀዋለሁ። እምቢ ማለትሽ ነው።»

«ምን?»

«ሁለት ቀን ሙሉ ታፍኖብኛል። አንቺ የነካሽው አኮርዲዮን ታፍኖ አያውቅም። ሆን ብላ ነው፣ ተወኝ ማለቷ ነው አልኩ። ቃል ጠበቅኩ፣ የለም። ስለዚህ ገባኝ።»

«አንተ ሰውዬ!» አልኩት። «እኔ እምቢ ለማለት አፍ አጥቼ ነው? እኔ? ሁለት ዓመት ስጮህብህ ኖሬ እምቢታን በአኮርዲዮን የምልክ እመስልሃለሁ?»

አንዱ ጥግ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ አልገባኝም። ተንበርክኬ አራቱን ብሎኖች ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሳሁ።

«እጅህን አስገባ።»

ረጃጅም ጣቶቹን አስገብቶ ወረቀቱን አወጣ። ዘረጋው። አነበበ። ደግሞ ከላይ ጀምሮ አነበበ። ያ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ተፈታ፣ ዓይኖቹ ሞሉ፣ አፉ ግን እየሳቀ ነበር። በዚያች ደቂቃ ማንም የለም። አዳራሽ የለም፣ ዳኛ የለም፣ እሑድ የለም። እሱና እኔ፣ በመካከላችን አንድ ክፍት አኮርዲዮን።

«ምንድን ነው የተገኘው?» ዳኛዋ መድረኩ ላይ ወጥተዋል።

«ወረቀት ነው እማዬ።»

«ምን ይላል?»

«እሺ ይላል» አለ መምህሩ። «ሰባት ጊዜ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያኔ ነው ዞር ስል ማይክሮፎኑን ያየሁት፤ አኮርዲዮኑ አፍንጫ ሥር ተተክሎ፣ ቀይ መብራቱ በርቶ። ያልነውን ሁሉ ሕዝቡ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ነበር! ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን እጄን ያዘ፣ አለቀቀኝም።

ዳኛዋ አላጨበጨቡም። ከልጃቸው እጅ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና «ከጎኑ ያለው ጽሑፍ የቱ ነው?» አሉኝ።

መብራት አቀረብኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። የአያቴን ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ ከሥሩ ያለችውን መስመር። ጣታቸውን በእያንዳንዷ ፊደል ላይ አስኬዱ።

«የእሱ እጅ ነው» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ሦስት ወር?»

አባዬ እያለከለከ ደርሶ ነበር። «ሦስት ወር ሙሉ» አላቸው። «አባቴ ሲነጫነጭ ትዝ ይለኛል። ባለቤትዎ በየቀኑ እየመጡ ‹ትንሽ ይለስልስ፣ ትንሽ ይለስልስ› ይሉት ነበር።»

«እኔ እኮ ታርሞልኝ ነው ብዬ…» አሉ ዳኛዋ። «ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ስኩራራ…» አልጨረሱትም። መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ፣ ከዚያ እንባቸው፣ ከዚያ ሁለቱ ተቀላቀሉባቸው። ልጃቸው ሊደግፋቸው ሲል በእጃቸው መለሱትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ካቻቢቴ ነው አይደል የሚሉሽ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ያን ቀን ጭነት ብዬሻለሁ።»

«ብለውኛል» አልኩ። መዋሸት አልችልበትም።

«አጥፍቻለሁ። ስንቱን ፈርጄ በመጨረሻ በገዛ ባሌና በገዛ ልጄ ላይ ስሳሳት ተያዝኩ።» ወረቀቱን መልሰው እጄ ላይ አኖሩና ጉንጬን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ። «እርሳስ አለሽ?»

አባዬ ከጆሮው ላይ አውርዶ ሰጣቸው። ዳኛዋ እንደገና ጎንበስ ብለው ጓዳው ውስጥ እጃቸውን አስገቡና፣ «አንድ ቀን ትሰማዋለች» ከምትለው መስመር ሥር የዕለቱን ቀን ጻፉ። ከቀኑ አጠገብ አንዲት ቃል ጨመሩ፦ «ሰማሁ።»

ክዳኑን ገጥሜ ብሎኖቹን አጠበቅኩ። አባዬን ቀና ብዬ አየሁት። ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሊቀር ነው።

«አንተስ አባዬ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? ወፍራሙን እኔ አለሁለት። ቀጭን ድምፁ የታመመ ሲመጣ በአውቶቡስ እልክልሻለሁ፤ ሠርተሽ ትመልሺዋለሽ። ብቻ» አለና ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ለማይክሮፎኑ ይሁን ለኔ እንጃ፣ «ለሾፌር አትስጪ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ ተቀመጠ፣ ማንገቻውን አጠበቀ፣ መቀየሪያውን ተጫነ። ያን ዝግ ያለ ዜማ ከመጀመሪያው ጀመረው። ወፍራሙ ድምፅ ከጓዳው ወጣ፤ ክብ፣ ሙቅ፣ አንዲት ጠጠር የሌለበት። ዳኛዋ ወንበር አስመጥተው መድረኩ ላይ፣ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እሱ ሲጫወት አንዴም ቁልፎቹን አላየም። የሚያየው እኔን ነው።

አልቃሻ አይደለሁም ብያችሁ ነበር። እንግዲህ እዚያው መድረክ ላይ፣ ፀጉሬ እንደተበተነ፣ ካቻቢቴዬን በአንድ እጄ፣ እሺታዬን በሌላው ይዤ፣ ከደስታ ብዛት እንደ ሕፃን ተነፋረቅኩ። ሰፈሩ ይመስክር።